ተሠርቶ የባሰበት መሪ፦ ከጥገና በኋላ የሚያስቸግር የትራክተር መሪ እንዴት ይፈተሻል?

ስልኩ የሚደወለው ሁልጊዜ እርሻ ሲጧጧፍ ነው። «መሪው ተሠርቶ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ባሰበት» ይላል ኦፕሬተሩ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ፓምፑ ሞቷል መሰለኝ፣ አዲስ ልግዛ?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ትናንት የተፈታው ምንድን ነው?

ከጥገናው በፊት ያልነበረ ችግር በማግስቱ ከመጣ፣ ዘጠና ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። እጅ የነካው ቦታ ላይ ነው ያለው። ደህና የነበረ ፓምፕ «ሲል» የሚባለው የዘይት ማሸጊያው ስለተቀየረለት ብቻ በአንድ ሌሊት አያረጅም። አየር ገብቶበት፣ ቆሻሻ ይዞት ወይም አንድ ዕቃ ተገልብጦ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ከዚህ በታች ባለው ቅደም ተከተል ሂዱ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው ነው የደረደርኩት።

የትኛው ዓይነት መሪ ነው?

እኔ ብዙ የሠራሁት አርሲና ባሌ የስንዴ ማሳ ላይ በሚታዩት ማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮች ነው። እንደ 385 እና 399 ባሉት ላይ የማገኘው ሃይድሮስታቲክ የሚባለው መሪ ነው። በዚህ ዓይነቱ ከመሪው እስከ ጎማው የሚደርስ ብረት የለም። ፓምፑ ዘይት ይገፋል። ከመሪው ዘንግ ሥር የተቀመጠው ኦርቢትሮል ዘይቱን መጥኖ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይልከዋል። የፊት አክስሉ ላይ ያለው ሲሊንደር ጎማውን ያዞራል። ሌላ ነገር የለውም። የሌላ ፋብሪካ ትራክተር ቢሆንም አሠራሩ ይኸው ከሆነ ፍተሻው አንድ ነው።

ለመለየት ከመሪው ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። አራት የዘይት ቱቦ ብቻ ከወጣ ሃይድሮስታቲክ ነው። ጥርስ ያለው የመሪ ሳጥንና ወደ ፊት የሚሄድ የብረት ዘንግ ካያችሁ ግን እንደ 135 ያለ የቆየ ዓይነት ነው፤ ዘይት ቢኖረውም የሚያግዝ ብቻ ነው። ለእሱ ከዚህ ጽሑፍ የሚጠቅማችሁ ስለ ዘይት፣ ስለ አየርና ስለ ፔርኖ (የፊት ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ) የተባለው ነው።

ብዙ ሰው «ተበላሸ» እያለ የሚያመጣው፣ ብልሽት ያልሆነም ነገር አለ። ጎማው ቀጥ ብሎ መሪው ላይ ያለው እጀታ ዛሬ ወደ ቀኝ፣ ነገ ወደ ግራ ይሆናል። በሃይድሮስታቲክ መሪ ይህ ጤና ነው። የሚያያይዛቸው ብረት ስለሌለ በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተታል። ለዚህ ብላችሁ ምንም አትፍቱ።

ሳትጀምሩ በፊት

መሬቱ ደልዳላ ይሁን። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን በታኮ ደግፉ። የፊት አክስሉን በክሪክ ካነሳችሁ ካቫሌቶ (ባለ እግር መደገፊያ ብረት) አስገቡበት። በክሪክ ብቻ በቆመ ትራክተር ሥር የሚገባ ሰው አይቼ ዝም አልልም፤ እናንተም አትበሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ጋራዥ ውስጥ አይነገርም። የዘይት ፍሳሽ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ አትፈልጉ። እዚህ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ100 ባር ያልፋል። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ሲታይ የእሾህ ውጊ ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል። ግን ውስጡ የገባው ዘይት ሥጋውን ይገድላል፣ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ ጣት ያስቆርጣል። ፍሳሹን በካርቶን ቁራጭ ፈልጉ። ቆዳ ከተበሳ «ነገ አየዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ «ባለ ግፊት ዘይት ወጋኝ» ብላችሁ ተናገሩ።

ደረጃ 1፦ ዘይቱን እዩት

የዘይት ጋኑን ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን በደንብ ጥረጉ። በተጨማለቀ ጨርቅ ሳይሆን በንጹሕ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ።

ዘይቱ ከጎደለ ሙሉት። ቀጥሎ ግን ለምን እንደጎደለ ጠይቁ። ከጥገና በኋላ ባዶ የነበሩት ቱቦዎችና ሲሊንደሩ ዘይት ስለሚጠጡ መጀመሪያ ላይ መጉደሉ ያለ ነው። በየቀኑ ከጎደለ ግን የሚፈስበት ቦታ አለ።

ወተት ወይም የተመታ እንቁላል ከመሰለና አረፋ ካለው አየር ይስባል። ደረጃ 3ን ሠርታችሁ ካልጠፋ የመሳቢያውን መስመር ትመረምራላችሁ። ከተቃጠለ ወይም የብረት ብናኝ ካለው ደግሞ መሪውን ከመሞከር በፊት ዘይትና ፊልትሮ (ማጣሪያ) ይቀየር።

ዓይነቱን በተመለከተ የትራክተሩ መጽሐፍ የሚለውን ተጠቀሙ። ከጥገናው በኋላ ወፍራም የሞተር ዘይት ከተሞላ፣ ቦቆጂ ጠዋት በብርዱ መሪው ድንጋይ ሆኖ ረፋድ ላይ ይለቃል። ይሄንን ምልክት ካያችሁ ፓምፑን አትክሰሱት። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም አይገባም። እነዚህን ሲሎች ያሳብጣቸዋል፣ ያለሰልሳቸዋል፤ አንዴ ከገባ መፍትሔው ሁሉንም ማጠብና ሲል በሙሉ መቀየር ነው። «ትንሽ ነው የጨመርኩት» አይሠራም።

ደረጃ 2፦ ቱቦዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው?

ኦርቢትሮሉ ላይ ከየመግቢያው አጠገብ ፊደል ተቀርጿል። ፒ (P) ከፓምፕ የሚመጣው ነው። ቲ (T) ወደ ዘይት ጋኑ የሚመለሰው ነው። ኤል (L) እና አር (R) ወደ ሲሊንደሩ ግራና ቀኝ ይሄዳሉ። ቀለም ወይም ጭቃ ሸፍኖት ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት።

መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩ ጎማው ወደ ግራ ከሄደ ደስ ይበላችሁ፤ ኤል እና አር ተቀያይረዋል፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ፒ እና ቲ ከተቀያየሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሪው በአግባቡ አይሠራም፤ የመሪ ዘንጉ ላይ ያለው ሲልም የተሠራው ለመመለሻው ዝቅተኛ ግፊት ስለሆነ የፓምፑን ግፊት አይችለውም። ሞተሩን እንዳስነሳችሁ ዘይት ከመሪው ዘንግ ሥር መፍሰስ ከጀመረ ቶሎ አጥፉና እነዚህን ሁለቱን እዩ።

ቱቦዎቹ ሲታሰሩ መታጠፋቸውን፣ ጎማው እስከ መጨረሻው ሲዞር መወጠራቸውን፣ አክስል ላይ መፈተጋቸውንም ተመልከቱ። አዲስ ቱቦ ስታሠሩ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱም ውፍረቱም ከእሱ ይወሰድ።

ደረጃ 3፦ አየሩን አውጡ

ከጥገና በኋላ ለሚመጣ ጣጣ ትልቁ ምክንያት አየር ነው። ትዕግሥት ስለሚፈልግም ሰው ይዘለዋል። መሪው አንዴ ከብዶ አንዴ ሲቀል፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ፓምፑ ሲያላዝን ወይም መሪው ዞሮ ጎማው ዘግይቶ ሲከተል መጀመሪያ እዚህ ኑ።

የፊት አክስሉን አንሱና ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ አድርጉ። ጋኑን ሙሉ። ፓምፑ ወርዶ ከነበረ ደረቅ ሆኖ እንዳይነሳ መሳቢያው ውስጥ ዘይት አፍስሱበት። የሞተር ማጥፊያውን ስባችሁ፣ ማለትም ሞተሩ እንዳይነሳ አድርጋችሁ፣ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ለጥቂት ሰከንድ አዙሩት። ጋኑን እንደገና እዩ።

አሁን አስነሡና በሚኒሞ (በዝቅተኛው የሞተር ዙር) ተዉት። ነዳጅ አትስጡ። ነዳጅ የሰጠ ሰው አየሩን ከዘይቱ ጋር ይበጠብጠውና አረፋ ያደርገዋል፤ ያኔ ሥራው በእጥፍ ይረዝማል። መሪውን ቀስ እያላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አመላልሱት። ጫፍ ላይ ስትደርሱ አትጫኑት፤ ሊደርስ ሲል መልሱት። አሥር ጊዜ ያህል። አንድ ሰው ጋኑ ላይ ሆኖ ዘይቱ እንዳይጎድል ይጠብቅ፣ አንዴ ከጎደለ አዲስ አየር ገባ ማለት ነው።

ከዚያ አጥፉና ሂዱ ቡና ጠጡ። እየቀለድኩ አይደለም። አረፋው እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ተመልሳችሁ ሙሉና ድገሙት። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ላይ ብዙውን ጊዜ መሪው ይለሰልሳል።

ሦስት ዙር ሠርታችሁም አረፋው ከተመለሰ፣ አየሩ ከውስጥ የቀረ ሳይሆን አሁንም ከውጭ እየገባ ነው። ከጋኑ ወደ ፓምፑ ያለው መስመር የሚስብ ስለሆነ ቀዳዳ ቢኖረው ዘይት አያፈስም፣ አየር ነው የሚያስገባው። ደረቅ ሆኖ ስታዩት ደህና ይመስላል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በየመጋጠሚያው፣ በየፋሼታው (የቱቦ ማሰሪያው) እና በፓምፑ ዘንግ ሲል ዙሪያ ግራሶ (ቅባት) ቀቡ። የሚሽከረከር ነገር አጠገብ ከሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቀቡና እንደገና አስነሡ። የፓምፑ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ ሌባው ነው።

ፊልትሮ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ አሮጌው ጎሚኒ (ማሸጊያ ላስቲክ) ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ላይ እንዳልተደረበ አረጋግጡ። አንድ ጊዜ ጋኑ ውስጥ የመጥረጊያ ጨርቅ ቁራጭ አግኝቻለሁ። መሪው ቆሞ ሲሞከር ደህና ነበር፣ ሲነዳ ጨርቁ መሳቢያው ላይ እየተለጠፈ ይከብዳል። ያንን ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል።

ደረጃ 4፦ ዘይቱን ትታችሁ ብረቱን ፈትሹ

አየሩ ወጥቶ አሁንም ከከበደ ሞተሩን አጥፉ። ጎማው በካቫሌቶ እንደተነሳ የሲሊንደሩን ጫፍ ከአክስሉ ክንድ ፍቱት። ጎማዎቹን በእጃችሁ አዙሩ።

በቀላሉ ከዞሩ ችግሩ የዘይቱ ወገን ነው፣ ወደ ደረጃ 5 እለፉ። ካልዞሩ ፓምፕም ኦርቢትሮልም አትንኩ፤ ፔርኖው ደርቋል ወይም ቦኮላው (ፔርኖው የሚዞርበት ቀለበት) ተይዟል። ጭቃ ውስጥ ውሎ ግራሶ ያላየ ፔርኖ ስንቱን ፓምፕ በሐሰት እንዳስከሰሰ ቤቱ ይቁጠረው። አዲስ ቦኮላ ገብቶ ከሆነም ጠብቦ ሊሆን ይችላል።

የፊት ጎማ ንፋስ ማነስም መሪ ያከብዳል። ይሄን እንኳ መጀመሪያ ማየት ነበረብን።

ደረጃ 5፦ ሲሊንደሩ ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል?

ወደ አንድ ወገን ብቻ ከከበደ ወይም መሪው ጫፍ ደርሶ እንደ ልቡ መዞሩን ከቀጠለ ሲሊንደሩን ጠርጥሩ። ጫፍ ላይ በኃይል ስትጫኑት ቀስ ብሎ መንሸራተቱ የተለመደ ነው። እንደ ባዶ ጎማ ሲሽከረከር ግን የሆነ ቦታ ያሳልፋል። ሲሊንደሩን መልሳችሁ አክስሉ ላይ ግጠሙና እንዲህ ሞክሩት፦

ጎማውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን አዙሩና ሞተሩን አጥፉ። መሪውን ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ አድርጋችሁ የቀረውን ግፊት አስወጡ። አሁን ግፊት የማያገኘውን ወገን ቱቦ ከሲሊንደሩ ፍቱ። የቱቦውን አፍ በደንብ በሚይዝ ባለ ጥርስ ታፖ (መድፈኛ) ዝጉት፤ በጨርቅ መወተፍ አይሆንም። ክፍት የቀረው የሲሊንደር ቀዳዳ ሥር ዕቃ አስቀምጡ፣ ሰው ከፊት ለፊቱ አይቁም። ሞተሩን በሚኒሞ አስነሡና መሪውን ወደዚያው ወደ ዞረበት ጎን ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ጫኑት። ወደ ሌላው አትመልሱት።

መጀመሪያ ትንሽ ጠብ ቢል የቀረ ዘይት ነው። ሳያቋርጥ ከፈሰሰ የፒስተኑ ሲል አይዝም። አዲስ የገባ ከሆነ ተገልብጦ ገብቶ ወይም ሲገባ በስለት ተቆርጦ ይሆናል። ሲል ስትከቱ የዘንጉን ጥርስ ሳይቆረጥ እንዲያልፍ ጥርሱን በፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ ሲሉን ዘይት ቀቡት፣ በካቻቪቴ አትግፉት።

ደረጃ 6፦ ኦርቢትሮሉ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እኔም የተቃጠልኩት እዚህ ነው። በጀማሪነቴ ኦርቢትሮል ፈትቼ ኦሪንጉን (ክብ ማሸጊያ ላስቲኩን) ቀይሬ ገጠምኩ። ሞተሩን እንዳስነሳሁት መሪው በራሱ ጊዜ ተሽከረከረ። የመሪው እጀታ ረዳቴን አንጓው ላይ መታው፣ ሳምንት ያህል አበጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተፈትቶ የተገጠመ ኦርቢትሮል ሲነሳ ማንም እጁን መሪው ውስጥ አያስገባም።

ምክንያቱ ይኸው። ኦርቢትሮሉ ውስጥ ኮከብ የመሰለ ባለ ጥርስ ብረት አለ። አንድ አጭር ካርዳን (ማገናኛ ዘንግ) ይህንን ኮከብ ዘይቱን ከሚከፍቱትና ከሚዘጉት ከስፑሉና ዙሪያውን ካቀፈው ሽፋኑ ጋር ያገናኘዋል። ካርዳኑ በአንድ ጫፉ መሰንጠቂያ አለው፣ ስፑሉንና ሽፋኑን የሚያቋርጠው ስፒና (ፒን) እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። በሌላው ጫፉ ኮከቡ ውስጥ የሚገባ ጥርስ አለው። ኮከቡ በየትኛውም ጥርስ ላይ ይገባል፣ ትክክሉ ግን ልክ አለው። በኮከቡ ሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ጎድጓዳ ከስፒናው መስመር ጋር መግጠም አለበት። በአንድ ጥርስ ከሳተ ዘይቱ ያለ ጊዜው ይከፈትና ኦርቢትሮሉ ሞተር ሆኖ መሪውን ያሽከረክረዋል፤ ወይም መሪው በኃይል ይመታል።

ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት ከላይ እስከ ታች በቀጭን መስመር ምልክት አድርጉ። ክዳኑን ስታነሱ ደግሞ የካርዳኑን ጫፍና ኮከቡን በስልክ ፎቶ አንሱ። ይሄ ስልክ ከሚሰጠን ጥቅም ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል።

መሪው በራሱ ባይሽከረከርም ዞሮ ሲለቀቅ ባለበት ካልቆመ ምላጭ የመሰሉትን ጠፍጣፋ ሞላዎች እዩ። ከተሰበሩ ወይም በቆሻሻ ከተያዙ ስፑሉ መሐሉን አያገኝም። ስፑሉና ሽፋኑ በእጅ ሲዞሩ በዘይት ላይ እንደሚንሸራተት መስታወት መሆን አለባቸው። በብርጭቆ ወረቀት ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ካለ እጁን ያዙት፤ ልኩ በጣም ጠባብ ነው፣ ከተፋቀ አለቀ።

አንድ ትንሽ የብረት ኳስም አለች። ዳንፎስ የሚባለው ፋብሪካ በሚሠራቸው ብዙዎቹ ኦርቢትሮሎች ከክዳኑ ሰባት ቡሎኖች የአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ያ ቡሎንም ጫፉ ላይ ፒን ስላለው ከሌሎቹ ይለያል። ኳሷ ከጠፋች ወይም ቡሎኑ ሌላ ቀዳዳ ከገባ፣ ሞተሩ ሲጠፋ በእጅ ኃይል መምራት አይቻልም። ቁልቁለት ላይ ሞተር ጠፍቶ መሪ የማይሠራ ትራክተር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ አልፈልግም።

ቡሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ለዚህ ዓይነት ኦርቢትሮል ወደ 30 ኒውተን ሜትር ነው፤ ለእናንተው የመጽሐፉን ቁጥር ያዙ። «ይጥበቅ እንጂ» ተብሎ በረጅም ቁልፍ ከተጠበቀ ኮከቡ ይያዝና መሪው ይከብዳል።

ኦርቢትሮሉን ሳትፈቱት የምትሞክሩት ነገርም አለ። የመሪው ዘንግ ኦርቢትሮሉን ወደ ታች እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ዘንጉን የያዙትን አራት ቡሎኖች ላላ አድርጉ። መሪው ወዲያው ከለሰለሰ ዘንጉ ተጭኖታል ወይም ጠሞ ገብቷል። አስተካክላችሁ ግጠሙት፣ ሌላ ወጪ የለውም።

ደረጃ 7፦ ግፊት መለካት

እስከዚህ ደርሳችሁ ካልተገኘ ብቻ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ፈልጉ። እስከ 250 ባር የሚለካ ይሁን። በፒ መስመር ላይ ባለ ሦስት አፍ ራኮርዶ (የቱቦ መጋጠሚያ) ግጠሙት። ዘይቱ ይሙቅ። መሪውን ጫፍ ድረስ አዙሩና ከአምስት ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ጫኑት፣ ቁጥሩን አንብቡ፣ ልቀቁ። መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ።

ዝቅ ካለ ፓምፑ ላይ ከመፍረድ በፊት የግፊት መልቀቂያ ቫልቩን አውጥታችሁ እጠቡት። ከጥገና በኋላ አንዲት ፍሬ ቆሻሻ ከሥሩ ገብታ ክፍት አድርጋው ትገኛለች። ስትፈቱት ስንት ዙር እንደፈታችሁ ቁጠሩና በዚያው ልክ መልሱት። ግፊት ለመጨመር ብሎ ዝም ብሎ ማጥበቅ ቱቦ ያፈነዳል። ፓምፑን ብቻውን ለመሞከር ብላችሁም የመውጫውን መስመር አትዝጉ። መልቀቂያው ኦርቢትሮሉ ላይ ከሆነ ፓምፑ ዘይቱን የሚያስተነፍስበት ስለሌለው ይሰበራል።

በሚኒሞ ከብዶ ነዳጅ ሲሰጠው የሚቀል፣ ዘይቱ በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚብስ ከሆነ፣ ቫልቩም ንጹሕ ከሆነ፣ አሁን ፓምፑን መጠርጠር ትችላላችሁ።

ወደ ማሳ ከመመለሱ በፊት

መጀመሪያ ባዶውን፣ ማረሻ ሳይጫን፣ ሰው በሌለበት ሜዳ በዝግታ ንዱት። ግራና ቀኝ እኩል ይዞራል? እጅ ሲለቀቅ መሪው ይቆማል? በመጨረሻም ትራክተሩ ቆሞ ሞተሩን አጥፉና መሪውን በእጅ ኃይል አዙሩ። ይከብዳል፣ ግን ጎማው መንቀሳቀስ አለበት።

ቴስቲኒ (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ ጫፍ) ተፈትቶ ከነበረ የፊት ጎማዎቹን ርቀት በመሐል ቁመታቸው ላይ ከፊትና ከኋላ ለኩ። ከፊት በኩል በጥቂት ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት፤ ልኩ መጽሐፉ ላይ አለ።

አሥር ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ መልሳችሁ ጎብኙት። ዘይቱ ይታይ፣ የቱቦ ራኮርዶዎቹም የሲሊንደሩና የኦርቢትሮሉ ቡሎኖችም አለመላላታቸው ይረጋገጥ። ኦፕሬተሩም የዘይቱን መጠን ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ ይይ። ጎድሎ ካገኘው ሞልቶ ዝም እንዳይል፣ እንዲደውል ንገሩት።